ውሃው ሙሉ ነበር

ጋራዡ ውስጥ በስሙ የሚጠራው የለም፤ ሁሉም «ጆሮ» ነው የሚለው። የናፍጣ ሞተር ሲነሳ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጥና በሽታውን ይናገራል። ሃምሳ ሁለት ዓመቱ ነው። ሃያ ስምንቱን ያሳለፈው ወለሉ ዘይት በጠጣው በዚያው ጋራዥ ነው።

ከሙያው በላይ ግን የሚኮራበት አንድ ነገር ነበረው። ከሁለት ዓመት በፊት፣ የአንድ ክሊኒክ መድኃኒት የምታመላልስ አሮጌ የናፍጣ መኪና ዳገት ላይ ፈልታ ቆመች። ተጎትታ ስትመጣ ራዲያተሯ ውስጥ ጠብታ ውሃ አልነበረም፤ የሞተሩ የላይኛው ክፍል፣ ቴስታታው፣ ተሰንጥቋል። ሹፌሩ የጆሮ ሚስት ታላቅ ወንድም ነበር።

«ጠዋት ክዳኑን ከፍቼ አይቻለሁ። ውሃው ሙሉ ነበር» አለ ሹፌሩ፣ ባርኔጣውን በእጁ እያሻሸ። «ሜዳው ላይ ምንም አላለችም። ዳገቱን ስትይዝ ነው ድንገት የጋለችው።»

«ታዲያ ውሃው ክንፍ አውጥቶ በረረ?» አለ ጆሮ። ጋራዡ በሙሉ ሳቀ።

የክሊኒኩ ሥራ አስኪያጅ ቆፍጠን ያሉ ሴት ናቸው። ጆሮን ለብቻው ጠርተው፣ «እንደ ዘመድ ሳይሆን እንደ ባለሙያ ንገረኝ» አሉት።

«ያለ ውሃ ነው የነዳት። የሙቀት መለኪያውንም አላየም» አላቸው።

በዚያ ቃል ሹፌሩ ከሥራ ተሰናበተ። ሥራ አስኪያጇም የጆሮን እጅ ጨብጠው፣ «ለዝምድና ሳያደላ እውነቱን የሚናገር ሰው ዛሬ ከየት ይገኛል!» አሉ። ጆሮ ይህን ንግግር በየአጋጣሚው ለሰው ይደግመው ነበር፤ ሚስቱ ፊት እንኳ ሁለት ጊዜ አምልጦታል። እሷ አንድ ሳምንት አልቅሳ ከዚያ ነገሩን አላነሳችም። ወንድሟ እሑድ እሑድ እቤታቸው መምጣቱን ተወ። አንድ የእንጨት ሥራ ቤት ውስጥ በር ጠባቂ ሆኖ ተቀጠረ፤ መሪም ዳግመኛ አልጨበጠም።

መኪናዋ ከተጠገነች በኋላ ከተማ ውስጥ፣ ደልዳላ መንገድ ላይ ብቻ ስትሠራ ቆየች። ዘንድሮ ወደ ቀድሞው የዳገት መንገዷ ተመለሰች። በሦስተኛው ሳምንት አዲሱ ሹፌር ጋራዥ ይዟት መጣ።

«ዳገት ላይ ብቻ ነው የምትግለው» አለ። «ቶሎ አቆምኳት እንጂ ልትፈላ ነበር። ደግሞ የሚገርመው፣ ጠዋት ሳይ ውሃው ሙሉ ነበር።»

ጆሮ ይህን ቃል ሰምቶት ያውቃል። ግን ሥራ ሥራ ነው፤ ሞተሩ እስኪበርድ ጠብቆ ጀመረ። ውሃው ልክ ነው። የክዳኑ ጎማ ደህና ነው። ከሥር የሚንጠባጠብ የለም፤ የውሃ ፓምፑን የሚያዞረው ቺንጋም አልላላም። ሞተሩን አስነስቶ በራዲያተሩ አፍ ቢመለከት አረፋ አይወጣም፤ ዘይቱም ውሃ አልቀላቀለም፤ እንግዲያው የቴስታታው ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑ፣ አልተቃጠለም ማለት ነው። ሲሞቅ ለውሃው መንገድ የሚከፍተውን ቴርሞስታት ፈትቶ የፈላ ውሃ ውስጥ ቢከተው እንደ ደንቡ ተከፈተ። መልሶ አስሮ፣ ሞተሩ ሲሞቅ ራዲያተሩን ከላይ እስከ ታች በመዳፉ ዳሰሰው፤ የተዘጋ ቢሆን ቀዝቃዛ ቦታ ይገኝ ነበር፤ ሁሉም እኩል ሞቋል። ግማሽ ሰዓት አስነስተው ቢጠብቁ የመለኪያው ቀስት ከመሃል ንቅንቅ አላለም።

«ቆማ ደህና ናት» አለ ጆሮ። «እስቲ ዳገት የምትወጣ አስመስላት። ነዳጅ ስጣት።» ራሱ የፊት መብራቷ አጠገብ ቁጢጥ አለ። «ጨምር። አሁንም ጨምር።»

ያን ጊዜ አየው። ከራዲያተሩ ሥር ወደ ውሃ ፓምፑ የሚሄደው ወፍራም የጎማ ቱቦ፣ ሞተሩ ሲጮህ ወደ ውስጥ ተመጥጦ እንደ ባዶ ከረጢት ተጣበቀ። «ተወው!» ሲል አዲሱ ሹፌር እግሩን አነሳ፤ ቱቦው ተነፍቶ እንደነበረው ሆነ። ሦስት ጊዜ አስደገመው። ሦስቱንም ጊዜ ያው ነው።

እንዲህ ያለው ቱቦ እንዳይጨፈለቅ ውስጡ የሽቦ ሞላ ይገባለታል። የዚህ ውስጥ ሞላ እንደሌለ ጆሮ ሳይነካው አወቀ። መኪናዋ ከመፍላቷ ከጥቂት ወራት በፊት ቱቦውን የቀየረው እሱ ራሱ ነበር። አሮጌው ውስጥ የነበረው ሞላ ዝጓል፤ አዲሱ ያለ ሞላ ነው የመጣው። «ያለሱም ይሠራል» ብሎ ሞላውን ወደ ቁርጥራጭ ብረት በርሜል ወረወረው። ጎማው አዲስ እያለ ጠንክሮ ቆየ፤ ሙቀት ሲያለሰልሰው ግን ዳገት ላይ እየተጣበቀ የውሃውን መንገድ ዘጋ። የቆመ ውሃ ፈልቶ በክዳኑ ወጣ። መኪናዋ ስትቆም ቱቦው ተመልሶ ይቀናል፤ የሚታየው የደረቀ ራዲያተር ብቻ ነው። ከዚያም፣ ቴስታታው ሲጠገን፣ «ገና አዲስ ነው» ብሎ ያንኑ ቱቦ መልሶ አሰረው።

«ምን ሆና ነው?» አለ አዲሱ ሹፌር።

«ቱቦ ነው። እቀይረዋለሁ።»

ሞላ ያለው ቱቦ አስገባ፤ መኪናዋም ዳገቱን ያለ ችግር ወጣች። ሥራ አስኪያጇ ደውለው፣ «እጅህ ይባረክ» አሉት። «ምንም አይደል» አለ።

ስድስት ሳምንት አፉን ዘጋ። ሞተር ሊያዳምጥ ዓይኑን ሲጨፍን፣ «ክንፍ አውጥቶ በረረ?» የሚለው የራሱ ድምፅ ይመጣበታል። ከምስክርነቱ ይልቅ ያቺ ቀልድ ነበረች ሥጋውን የምትበላው፤ ሰው አስቆባታላ።

አንድ እሑድ ከሰዓት ሚስቱ ልብስ ስታጥፍ አጠገቧ ተቀመጠና ሁሉንም ነገራት። እሷ እስኪጨርስ ማጠፏን አላቋረጠችም። ከዚያ፣ «ለእኔ ምን ትነግረኛለህ?» አለችው። «ወንድም ጋሼ ያለበትን ታውቃለህ። እግር አለህ።»

በማግስቱ ሄደ። ሹፌሩ ከእንጨት ሥራ ቤቱ በር ላይ ወንበር ይዞ ተቀምጧል፤ ትከሻው ላይ ሰጋቱራ ቦኖበታል።

«ጋሼ፣ ቱቦው ነው» አለ ጆሮ፣ ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርስ።

«የምን ቱቦ?»

ጆሮ ስለ ሞላው፣ ስለ በርሜሉ፣ ስለ ዝምታው ሳይቀር ተናገረ። ሹፌሩ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ።

«እና ውሃው ሙሉ ነበር?»

«ሙሉ ነበር።»

ውስጥ የእንጨት መሰንጠቂያው እየጮኸ ነው። ሹፌሩ ድምፁ እስኪቆም ጠበቀ። «ታውቃለህ» አለ፣ «እኔም አምኛችሁ ነበር። ክዳኑን የከፈትኩት የዚያን ዕለት ነው ወይስ የዋዜማው? እያልኩ ራሴን ስጠይቅ ሁለት ዓመቴ። መንዳት የተውኩት ቀጣሪ አጥቼ መሰለህ? በገዛ ዓይኔ ማመን አቅቶኝ፣ ሰው ጭኜ እፈጃለሁ ብዬ ፈርቼ ነው።»

ጆሮ ስድብ ጠብቆ ነበር የመጣው። ጉልበቱን ሊይዝ ጎንበስ ሲል ሹፌሩ ትከሻውን ገፋው። «ተነስ፣ ሰው ያያል። ይቅርታ የምትለኝ ኋላ ነው። መጀመሪያ ለሥራ አስኪያጇ ንገር። እኔ እየሰማሁ።»

ሐሙስ ዕለት ሁለቱ ክሊኒኩ ቢሮ ገቡ። ጆሮ ከመኪናዋ ያወጣውን ቱቦ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ተናገረ። ሥራ አስኪያጇ ጎማውን በጣታቸው ጨመቅ አድርገው፣ «ይህን መቼ ነው ያወቅከው?» አሉ።

«ስድስት ሳምንት አለፈው።»

ቀና ብለው አዩት። ለእሱ ከሁሉም የከበደው ያ አስተያየት ነበር። የሹፌሩ ቦታ ሰው ተቀጥሮበታል፤ ያላጠፋ ሰው ማባረር አልፈለጉም። ግን ያን ጊዜውኑ ደብዳቤ ጽፈው፣ ጥፋቱ የሹፌሩ እንዳልነበረ ገልጸው፣ ማኅተም አድርገው ሰጡት። ሹፌሩ ደብዳቤውን ቆሞ ሁለት ጊዜ አነበበው።

በዚያ ደብዳቤ ለአንድ ዳቦ ቤት መኪና መንዳት ጀመረ። እሑድም ይመጣል፤ ከጆሮ ጋር ስለ ልጆችና ስለ ዝናብ ያወራሉ፤ ይስቃሉም። የዳቦ መኪናዋን ግን የሚያሳየው ሌላ ጋራዥ ነው። አንድ ቀን እህቱ፣ «እዚህ ባለሙያ ቁጭ ብሎልህ?» ብላ ጠየቀችው።

«የዚያኛው ሰውዬ መሣሪያ ከማንሳቱ በፊት እኔን ይጠይቀኛል» አላት።

ጆሮ አጠገባቸው ነበር። ቀና ሳይል፣ «ልክ ነው፣ እዚያው ውሰዳት» አለ።