የአባ ዚፕ ሙሉ ስም

«መዝገቡ ተዘጋ» የሚል ወሬ እንዲህ ያስጨፍራል ብዬ አስቤ አላውቅም። ባለፈው ማክሰኞ ከትምህርት ቤት ስመለስ እናቴ በራችን ላይ ቆማ እያጨበጨበች «ተዘጋ! የአባ ዚፕ መዝገብ ተዘጋ!» ስትለኝ ቦርሳዬን መሬት ጥዬ ዘለልኩ። ነገሩ ከተጀመረ ሁለት ወር ሊሆነው ነው። እስከ ዛሬ ያልጻፍኩት መጨረሻውን ስለማላውቅ ነበር። አሁን አወቅኩት፤ ስለዚህ ልንገራችሁ።

አባ ዚፕ ጅማ፣ መንደራ ቆጪ ውስጥ ግድግዳ የምንጋራቸው ልብስ ሰፊ ናቸው። የቦርሳችንና የጃኬታችን ዚፕ ሲበላሽ እዚያው ቆመን ስለሚጠግኑልን ስሙን ያወጣነው እኛ ልጆች ነን። ቀስ በቀስ ትልልቆቹም ወረሱት። ከኬጂ ጀምሮ ዩኒፎርሜን የሚሰፉልኝ እሳቸው ናቸው፤ አሁን አሥረኛ ክፍል ደርሻለሁ።

አንድ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ሱቃቸው ተዘግቶ አገኘሁት። አባ ዚፕ ዝናብ ቢዘንብ፣ መብራት ቢጠፋ ሱቅ የሚዘጉ ሰው አይደሉም። ከፊት ለፊት ሻይ የምታፈላው ሴትዮ «ፖሊሶች መጥተው ወሰዷቸው እኮ! እንዲሰፉት የመጣላቸው ሱፍ ጨርቅ የተሰረቀ ነው አሉ» አለችኝ። የትኛው ጣቢያ እንደወሰዷቸው ግን አታውቅም። ሮጬ ለእናቴ ነገርኳት።

አባ ዚፕ ጅማ ውስጥ ዘመድ የላቸውም። እናቴ ይህን ታውቃለች። ሽሮ በምሳ ዕቃ ቋጠረችና «ነይ ተነሺ፤ ሳይበላ አያድርም» አለችኝ። በባጃጅ ሄድን።

የመጀመሪያው ጣቢያ በር ላይ ያለው ፖሊስ ወፍራም መዝገብ ከፍቶ ተቀምጧል።

«ማንን ነው የምትፈልጉት?»

«አባ ዚፕን» አለች እናቴ በሙሉ ልብ።

«እናት፣ ዚፕ የሚባል እንኳን የለንም። ቁልፍ የሚባል ካለ ልይልዎት?»

«ኧረ አትቀልድብኝ ልጄ! እንደ ወንድሜ ነው።»

«ሜ፣ እስቲ እንግዲያው የወንድምዎን ስም ከነአባቱ ይንገሩኛ!»

እናቴ ወደ እኔ ዞረች። እኔ ወደ እሷ። አሥራ አራት ዓመት ጎረቤት ነን፤ ሰርግም ለቅሶም አብረን ሄደናል፤ ስማቸውን ግን አናውቅም። እናቴ እንደዚያ ቀን አፍራ አይቼያት አላውቅም።

እሷ ስትለምነው እኔ መዝገቡን ከፊት ለፊት ሆኜ፣ ተገልብጦ፣ አነብ ነበር። የተጻፈው በአፋን ኦሮሞ ነው። ከስሙ አጠገብ እያንዳንዱ ሰው ሲገባ ያስረከበው ዕቃ ተዘርዝሯል፤ ቀበቶ፣ ሞባይል፣ የጫማ ክር። የአባ ዚፕን ዕቃ የሚመስል ግን አላየሁም።

ሁለተኛው ጣቢያ ስንደርስ ተረኛዋ ሴት ፖሊስ ነች። እናቴ ገና «አባ...» ስትል ቀደምኳት።

«እህቴ፣ ሜትር ያስረከበ ሰው አለ?»

«የምን ሜትር?»

«የልብስ ሰፊ። አንገት ላይ የሚንጠለጠለው።»

ጣቷን በመዝገቡ ላይ ቁልቁል አወረደች። «ቀበቶ አንድ፣ ሞባይል አንድ፣ የሱቅ ቁልፍ ሁለት፣ ሜትር አንድ...»

«እሳቸው ናቸው!» ብዬ ጮህኩ።

«ከማል ሸምሱ አወል» ብላ አነበበች።

«ከማል» አለች እናቴ ቀስ ብላ፣ አዲስ ልብስ እንደምትለካ ሰው።

ሲያመጧቸው አንገታቸው ያለ ሜትሩ ባዶ ነበር። «ያ ረቢ! እንዴት አገኛችሁኝ?» አሉ።

«በሜትርህ ነዋ! ስምህን ደብቀኸን!» አለች እናቴ ለመቆጣት እየሞከረች።

«ማን ጠየቀኝ?» አሉ አባ ዚፕ።

ሁላችንም ሳቅን። ከዚያ እናቴ ሳቋን አቆመች።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ፍርድ ቤት እንደሚቀርቡ ፖሊሷ ነገረችን። ጨርቁን ያመጣው ሰው ልኬት ደብተራቸው ላይ እንዳለ፣ ደብተሩም መሳቢያቸው ውስጥ እንደሆነ አባ ዚፕ አስረዱን። የሱቁን ቁልፍ ፖሊሷ ለእናቴ አስፈርማ ሰጠቻት።

ዓርብ ደብተሩን ይዘን በባጃጅ ስንሄድ ገለጥ ገለጥ አደረግኩት። ለካ እሳቸውም የሰው ስም አይጽፉም! «ረጅሙ መምህር።» «ሳቂታዋ፣ ከመርካቶ።» «አዲሱ ሙሽራ፤ ይወፍራል፣ ትርፍ ጨርቅ ይተው።» እየሳቅኩ ስገልጥ እኔ ላይ ደረስኩ።

«የጎረቤቴ ልጅ። ቀኝ ትከሻዋ በአንድ ተኩል ሳንቲ ዝቅ ይላል። ስፖንጅ ይግባ። እንዳታውቅ።»

ትከሻዬን በእጄ ያዝኩት። ዕድሜዬን ሙሉ እኩል ይመስለኝ ነበር። አንድም ልጅ ስቆብኝ አያውቅም። እንባዬ ሲመጣ ባለባጃጁ በመስታወቱ አይቶኝ «ምን ሆንሽ እህት?» አለኝ።

«ስፖንጅ» አልኩት።

ፍርድ ቤቱ ግቢ ውስጥ የዕለቱ ባለጉዳዮች ዝርዝር ሰሌዳ ላይ ተለጥፏል። አሁን ስማቸውን ስለምናውቅ ወዲያው አገኘነው፤ ከጎኑም የመዝገብ ቁጥሩን። መዝገብ ቤት ስንገባ ግን ሠራተኛው «ደብተሩ ያለ ማመልከቻ ከመዝገቡ ጋር አይያያዝም» አለን። በሩ ላይ የሚቀመጡት ማመልከቻ ጸሐፊዎች ደግሞ ለጁምዓ ሄደዋል። እናቴ በማርያም እያለች ወዲያ ወዲህ ትላለች።

ከሒሳብ ደብተሬ ወረቀት ገነጠልኩ። ጉልበቴ ላይ አድርጌ በአፋን ኦሮሞ ጻፍኩ፤ የመዝገብ ቁጥሩን፣ ሙሉ ስማቸውን፣ ደብተሩ ምን እንደሚያስረዳና ለምን እንዲታይልን እንደምንለምን።

ሠራተኛው ሁለት ጊዜ አነበበው። «ማን ጻፈልሽ?»

«እኔ።»

«ጋሪዳ!» አለኝና ማኅተሙን መታበት። ጥሩ ነው ማለቱ ነው። ያቺን «ጋሪዳ» እስከ ዛሬ በጆሮዬ ይዣታለሁ፤ ይህን ለመጻፍ ድፍረት የሰጠችኝም እሷ ናት።

ችሎት ላይ ዳኛው ገጹን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡት። «ጥቁር ጃኬት፣ ከሰቃ ከተማ። ግራ እጁ በሁለት ሳንቲ ያጥራል።» ከሥሩ ስልክ ቁጥር አለ። ዳኛው ፈገግ አሉ። ቁጥሩ እንዲጣራ፣ አባ ዚፕም በዋስ እንዲወጡ አዘዙ።

«ዋስ የሚሆነው ማን ነው? ለማን?» ተብሎ ሲጠየቅ እናቴ ተነሥታ በአንድ ትንፋሽ «ለከማል ሸምሱ አወል!» አለች። በሁለት ቀን ውስጥ ስንት ጊዜ እንደተለማመደችው እንጃ! አባ ዚፕ ቀና ብለው አዩዋት፤ ከዚያ መሬት መሬት አዩ።

የቀረውን ፖሊስ ጨረሰው። ባለ ስልኩ ሰውዬ ተገኘ። «የልብስ ሰፊውን ሱቅ አላውቀውም» ብሎ ሲክድ መርማሪው ሜትር አስመጥቶ እጁን ለካው፤ ግራው በሁለት ሳንቲ አጥሮ ተገኘ አሉ። እዚህ ላይ አባ ዚፕ ትንሽ ሳይጨምሩበት አይቀሩም። ብቻ ማክሰኞ የእሳቸው መዝገብ ተዘጋ፤ ሜትሩም አንገታቸው ላይ ተመልሷል።

ስፖንጁን አውጡት ልላቸው አስቤ ተውኩት። እንደማላውቅ ሆኜ ለብሼው እሄዳለሁ። ይህን ሲያነቡ ማወቄን ያውቃሉ፤ ይወቁ።

አሁን አዲስ ደብተር ገዝተዋል። ቅዳሜ ቅዳሜ ከጎናቸው ተቀምጬ የደንበኞችን ስም የምጽፈው እኔ ነኝ። በሚመጣው ቅዳሜ ቁልፍ የተበጠሰበት፣ ዚፕ እምቢ ያለው ሁሉ ይምጣልኝ፣ በነፃ እሠራለሁ ብለዋል፤ ጥሪያቸውን አድርሻለሁ። መንደራ ቆጪ መጥታችሁ አባ ዚፕ ብትሉ ሕፃን ልጅ ያሳያችኋል። እኔ ስማችሁን ከነአያታችሁ እጠይቃችኋለሁ። እናንተም የእሳቸውን ጠይቋቸው። አሁን ብታውቁትም ጠይቋቸው፤ ሲጠየቁ ደስ ይላቸዋል።