ልጄ የላከችልኝ ጥቁር ሥዕል

ልጄ ዓረብ አገር ከሄደች ወዲህ ስልኬ በጮኸ ቁጥር ልቤ ድንግጥ ይላል። አንድ ቀን ከመካነ ሰላም ገበያ ስመለስ ፎቶ ላከችልኝ። ፊቷን አያለሁ ብዬ ስከፍተው ከዳር እስከ ዳር ጥቁር ብቻ። ያረቢ! መርዶ ነው ብዬ ጎረቤቴ ዘንድ ሮጥኩ።

እሷ አገላብጣ አየችውና ሳቀችብኝ። «ስልኩ ኪሷ ውስጥ ሆኖ አንሥቶት ይሆናል፤ አንቺ ደግሞ ለመርዶ ስትቸኩይ!»

ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ልጄ ደወለች።

«እማ፣ ሥዕል'ኮ ነው። ማዳም ሳሎን የሰቀለችው። አቧራውን በደረቅ ብሩሽ የምጠርገው እኔ ነኝ።»

«ምኑ ተሣለና?»

«ምንም። ቀለም ብቻ። ግን ፎቶውን በጣትሽ አስፊው፤ ቁርጥ ያንቺን ልቅለቃ።»

አሰፋሁት። እውነቷን ነው። እኛ ግድግዳ በጭቃና በጭድ እንመርጋለን፤ ደርቆ ሲሰነጠቅ በእበትና በአመድ በመዳፋችን እንለቀልቀዋለን። የየሴቱ እጅ አካሄዱ ይታወቃል። ሠዓሊውም እንደዚያው፤ ወፍራሙን መጀመሪያ ጭኖ አድርቆታል፣ ስንጥቁ ከሥር ይታያል። ከላይ ቀጭኑን እየጎተተ መጥቶ አንድ ቦታ ላይ ቀለሙ አልቆበታል፤ እዚያ ጋ ሻካራ ነው። ጥቁሩም አንድ ዓይነት አይደለም። ጉብ ያለው ያብለጨልጫል፣ ጎድጎድ ያለው ብርሃኑን ይውጠዋል። ያልቸኮለ እጅ ነው። ዓይኔን መንቀል አቃተኝ።

«ነክተሽው ታውቂያለሽ?»

«አይነካም፣ እማ። እጄን ግን ይበላኛል።»

መቼ ትመጫለሽ ልላት ፈልጌ ፈራሁ፤ ስጠይቃት ሁሌ ወሬ ትቀይራለች።

«የጓዳውን ግድግዳ አንሥተሽ ላኪልኝ» አለች፤ ልትሄድ ሰሞን እሷ የለቀለቀችውን።

በማግሥቱ ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል፣ ብርሃኑ በበሩ በኩል በጎን ሲያርፍበት አነሣሁላት። የጣት መንገድ የሚታየው እንዲያ ሲሆን ነው። አራት ጣቷ እየተጎተተ ይወርዳል፤ ከላይ ቁመቷ ያልደረሰበት ቦታ ባዶውን ቀርቷል።

ወዲያው ደወለች። «ተሰነጣጥቋል፣ እማ» አለች፣ ድምጿ ቀጥኖ።

«ለአረፋ እለቀልቀዋለሁ።»

«ተይ! እስክመጣ እንዳትደርቢበት። እኔ ነኝ የምለቀልቀው።»

እስክመጣ። ከሄደች ይህን ቃል ከአፏ ሰምቼው አላውቅም።

አሁን አረፋ ደርሷል። ጎረቤቴ እጇ እበት እንደሆነ በሬ ላይ ቆማ «ዘንድሮስ ሰነፍሽ!» ትለኛለች። ሌላውን ሁሉ ለቀለቅሁ፤ የጓዳውን ተውኩት። ክረምቱ ሳያረግፈው ትድረስልኝ እንጂ፣ ያ አላህ።