ብራዚላዊቷና የቁሓው ሰርግ

ብራዚላዊቷን በዓይኔ አይቻት አላውቅም። ቢሆንም መቐለ ውስጥ የእሷን ታሪክ ከኔ በላይ አውቃለሁ የሚል ካለ ይምጣና እንተያይ።

ያኔ ዓይደር ውስጥ፣ ከአንድ ፋርማሲ ጎን በነበረች ጠባብ ሱቅ፣ ለሰው ሙዚቃ በፍላሽ እየጫንኩ ነበር የምኖረው። ኢንዱስትሪ ፓርኩ እንደተከፈተ ሰሞን የስፌት ማሽን ሊተክል የመጣ ብራዚላዊ ቴክኒሻን ስልኩ ሞልቶበት ፎቶዎቹን ላራግፍለት መጣ። ከፎቶዎቹ ጋር ሙዚቃዎቹም አብረው ተገለበጡ። አንዱን ብከፍተው ዘፋኝ የለ፣ ክራር የለ፣ ዱም ዱም ዱም ብቻ! «ፋይሉ ተበላሽቷል እንዴ?» አልኩት። ሳቀብኝ። ቴክኖ ይባላል አለኝ፤ የሠራችውም የሰፈሩ ልጅ ናት።

እሱም እኔም በተሰባበረ እንግሊዝኛ ስለ ታሪኳ ተግባባን። እንደኔ ሙዚቃ ቤት ተቀጥራ ነው የጀመረችው። መጀመሪያ የዘመድ ልደት ላይ ታጫውት ነበር። ከዚያ ጭፈራ ቤት ገባች፤ ወንዶቹ ዲጄዎች ግን ሰው ሳይመጣ ያስጀምሯትና ቤቱ ሲሞላ ያስወርዷታል። እሷ ለባዶ ወንበር እየተጫወተች ሙያውን ለቀመችው። ቆይታም በአሮጌ ኮምፒውተር የራሷን ሙዚቃ መሥራት ጀመረች፤ አውሮፓ ጠሯት፤ ዛሬ ሜዳ ሙሉ ሕዝብ ታስጨፍራለች። «ትልቁ ችሎታዋ ሰውን ማስጠበቅ ነው» አለኝ።

«እናቷስ ፈቀደችላት?» ብዬ ጠየቅኩት።

«እኔ በምን አውቃለሁ?»

ለኔ ዋናው ጥያቄ ግን እሱ ነበር። የኔ እናት ከወሎ መጥታ፣ ገበያ ላይ ቅመም ሸጣ ያሳደገችኝ ሴት ናት። ስለ ብራዚላዊቷ ባወራሁላት ቁጥር «ላም አለኝ በሰማይ» ትለኛለች። «ፓርኩ ሴት ልጅ እየቀጠረ ነው። ሰርቪስ አለው፣ ደመወዝ አለው። የኔዋ ጉድ ታቅፋ የምትውለው ዱም ዱም!» እኔም የዋዛ አይደለሁም፤ እመልስላታለሁ። ቤታችን በዚህ ጭቅጭቅ ብቻ አንድ ዓመት ከረመ።

በኋላ አብራኝ የተማረች የቁሓ ሰፈር ልጅ ልታገባ ሆነ። አባቷ የታወቁ ከበሮ መቺ ናቸው፤ ሁላችንም አቦይ እንላቸዋለን። ልጅቷ ከበሮ መቺዎቹ በሚያርፉበት ሰዓት እኔ በላፕቶፕ እንዳጫውት ለመነቻቸው። አቦይ ከላይ እስከ ታች አዩኝና «ጓለይ፣ ልጄ፣ ማሽን አይደክመውም፤ ሰው ግን ይደክመዋል። ይህቺን ብቻ እንዳትረሻት» ብለው ፈቀዱ።

ከእናቴ ጋር ያን ዕለት ተማማልን። ሰው ከጨፈረልኝ ፋብሪካ የሚባል ቃል ሁለተኛ ከአፏ አይወጣም። ሰው ጥሎኝ ከተቀመጠ ሰኞ ጠዋት ሄጄ እመዘገባለሁ። «ወላሂ?» አለችኝ። «ወላሂ» አልኳት።

ሰርጉ የቀን ነበር። አቦይ ለእስላም እንግዶች ለብቻ በግ አሳርደው ስለነበር እናቴ በልታ ተደስታለች። ተራዬ ሲደርስ ሁለት የሰፈሩን ዘፈኖች ለቀቅኩና፣ የጭፈራው ክብ ሞቅ ሲል፣ ብራዚላዊቷን አስገባኋት። አንድም ሰው አልወጣም! ሴቱም ወንዱም ትከሻውን እየሰበቀ በዳሱ ዙሪያ ይዞራል። ያኔ የተሰማኝን ደስታ ለጠላቴም እመኛለሁ። ሙዚቃው ሊያልቅ ሲል «ወደደችውኮ ቁሓ!» ብዬ እንደገና ከመጀመሪያው ቀጠልኩት። ደግሜም ቀጠልኩት።

አይ የኔ ነገር! እኛ አገር ጓይላ ሲጨፈር መጀመሪያ በዝግታ ይዞራል፤ መጨረሻ ላይ ከበሮው ምቱን እጥፍ አፍጥኖ ይደርባል፤ ያኔ ፊት ለፊት ዞሮ መንቀጥቀጥ ነው፣ ከዚያ እልልታ፣ ከዚያ ማረፍ። ምቱ ሳይደርብ ከክቡ መውጣት ትልልቆቹ ዘንድ ደጋሹን መናቅ ነው። ይህ ተወልጄ ያደግሁበት ነገር ነው። ግን ብራዚላዊቷን ስሰማ ከርሜ ጆሮዬ መደረቡን ረስቶታል፤ የእሷ ምት ደግሞ አይደርብም፣ እስከ ነገም ቢሆን ዱም ዱም ነው። ያ ሁሉ ሰው ሙዚቃዬን ወዶ አልነበረም የሚዞረው። ጨዋ ሆኖ፣ አሁን ይደርባል፣ አሁን ይደርባል እያለ ነው።

የገባኝ ሙሽራዋ ጫማዋን አውልቃ በእጇ ይዛ ስትዞር ሳያት ነው። ከኋላዋ አንዲት አሮጊት አደይ ነጠላቸውን ታጥቀው፣ ዓይናቸውን እኔ ላይ ተክለው፣ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ምርቃት እንዳልሆነ አውቄያለሁ። ከእሳቸው ኋላ እናቴ! ጓይላ ገብታ የማታውቀው፣ ጉልበቷን ሁለት ዓመት የታከመችው እናቴ፣ እያነከሰች ትዞራለች። ደነገጥኩ። ላጥፋው ብል ሳይደርብ ጠፋ ሊባል ነው፤ ልተወው ብል ሰው ሊወድቅብኝ ነው። ዕንባዬ መጣ።

አቦይ ከወንበራቸው ተነሡ። በቃ ገመዱን ሊነቅሉት ነው ብዬ ፊቴን ሸፈንኩ። እሳቸው ከበሯቸውን አንገታቸው ላይ አጠለቁና ስፒከሩ ጎን ቆመው ጆሯቸውን አዘነበሉ። ትንሽ አዳመጧት። ከዚያ በብራዚላዊቷ ምት ላይ የራሳቸውን ደረቡበት! ዳሱ ተነቀነቀ፤ እልልታው ለጉድ ሆነ። ሲያበቃ ሁሉም ባለበት ቁጭ፣ ውሃ ውሃ! አቦይ ላባቸውን እየጠረጉ ስፒከሩን በአገጫቸው ጠቆሙና «ልጅቷ ጎበዝ ናት፤ የሚጨርስላት ሰው የላትም እንጂ። ቅዳሜ ነይና አብረን እንሞክራት» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ስንት ሰርግ ላይ እሳቸው በከበሮ እኔ በላፕቶፕ አብረን ሠራን።

በማግስቱ ግን የእናቴ ጉልበት ዳቦ አክሎ ነጋ። ባጃጅ ይዘን ወደ ዓይደር ሆስፒታል ስንሄድ አላስችል አለኝ።

«እማ፣ ለምን አልወጣሽም? አንቺን ማንም አይቀየምሽም ነበርኮ።»

«አንዷ ከወጣች ሁሉም ይወጣላ።»

«ይውጣ! ሰኞ ፋብሪካ እገባልሽ ነበር። የፈለግሽው እሱን አይደል?»

ጉልበቷን በሁለት እጇ እንደያዘች ተቆጣችኝ። «እኔ አትችይም ልበልሽ፣ እናትሽ ነኝ። ሰው አትችይም ሲልሽ ግን ቁጭ ብዬ አላይም።»

ሐኪሙ ዘንድ ስንገባ ጉልበቷን ጫን ጫን አድርጎ አየና «ምን ሆነው ነው እናቴ፣ ወድቀው ነው?» አላት።

«ኧረ አልወደቅኩም» አለችው። «ትናንት ልጄ ሥራ ጀምራ ነው።»