ዜሮ ቀን፣ ዜሮ ወር

እንኳን ኮምፒውተር ላስተካክል፣ የሸሚዜን ቁልፍ አስተካክዬ የቆለፍሁበት ቀን ጥቂት ነው። ስለዚህ ኤመቅ ሳራ በሚሉት የፋብሪካ ሰፈር ውስጥ ያለ አንድ ትንሽ ኩባንያ የጠፋበትን ነገር በእኔ ምክንያት አገኘ ብዬ ሳወራ ሚስቴ ትስቃለች። ትሳቅ።

የሕንጻውን ወለል የማጸዳው እኔ ነበርሁ። በጀርባዬ አዝዬ ያመጣኋት ልጄ ደግሞ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ፕሮግራም ትጽፍ ነበር። አገር ቤት ቀጥቃጭ ነበርሁና እጄ የሚያውቀው ማረሻና ማጭድ ነው፤ የእሷ ሥራ ግን አይጨበጥም፣ አይሞቅም፣ አይጮኽም። ውሃውን ማጌቭ በሚሉት ባለ እጀታ የጎማ መጥረጊያ እየገፋሁ እሷ ዘንድ ስደርስ ክንዴ በራሱ ይዘገያል። በዚያ ሕንጻ ከእሷ ጠረጴዛ ሥር የነጻ ወለል አልነበረም።

የተቀጠረችው ለሦስት ወር ሙከራ ነው። ኩባንያው ለክሊኒኮች የቀጠሮ ፕሮግራም ይሠራል፤ የበሽተኞቹን ዕድሜ የሚያሰላውን ክፍል የጻፈችው እሷ ናት። ሦስቱ ወር ሊያልቅ ሲል አንድ ነገር ተፈጠረ፤ አንዳንድ ክሊኒክ ውስጥ ፕሮግራሙ በድንገት ደርቆ ይቀራል። እሷ ዘንድ ሲሞከር ግን ምንም አይለውም። አለቃዋ፣ ክረምት ከበጋ ሰንደል ጫማ የሚያደርግ ረጅም ሰው፣ «እስከ ሐሙስ ካላገኘሽው ሙከራሽ እዚህ ላይ ያበቃል» አላት። ባልዲዬን ይዤ ከኋላቸው ቆሜ ነበር።

ማክሰኞ ወደ ሰፈራችን ወደ ዩድ አሌፍ በሚወስደን አውቶቡስ ላይ ጠየቅኋት።

«ምን ሆኖ ነው የሚደርቀው?»

«ባግ አለበት፣ አባ። የተደበቀ ስሕተት።»

«ቡዳ በልቶት ይሆናላ።»

«አባ! ቡዳዎቹ እኛ ነን ሲሉን አልነበር?»

እውነቷን ነው፤ አገር ቤት ቀጥቃጭ ሁሉ ቡዳ ነበር። «እንግዲያስ ሳጸዳ ዓይኔን ጥዬበት ነው» አልኋት። በዚያ ሳምንት ስትስቅ ያየኋት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ከዚያ በጣቷ እየቆጠረች አስረዳችኝ። «አንዱ ጮሆ ይወድቃል፤ የት እንደወደቀም ይናገራል። እሱ ደጉ ነው። ሌላው አይወድቅም፤ ፈገግ እያለ የተሳሳተ መልስ ይሰጥሃል።»

«እኔን ይመስላላ!»

«የከፋው ሰው ዘንድ ታይቶ፣ አንተ ልታየው ስትመጣ የሚጠፋው ነው። የእኔ እንደዚያ ነው።»

«የእናትሽ ጥርስ ነው በይኛ። ሐኪሙ ደጅ ስትደርስ ይተዋታል። ታዲያ በምን ትይዥዋለሽ?»

«መጀመሪያ እፊቴ መውደቅ አለበት። እፊቴ ካልወደቀ አላነሳውም።»

 የተሰነጠቀ ማረሻም ለዓይን ደህና ነው፤ በመዶሻ ጫፍ እያንኳኳህ ድምፁ የሚሻክርበትን ትፈልጋለህ። እሷ ግን ምኑን ታንኳኳው?

ረቡዕ ቀትር ላይ የራሷንና የሥራ ባልደረቦቿን መታወቂያ እያስገባች፣ ሁሉንም በሽተኛ አድርጋ ሞከረች። ሁሉም አለፉ። ፊቷ አመድ መሰለ። ዝም ማለት ሲገባኝ መቀለድ የቆየ አመሌ ነውና፣ «እኔንም መዝግቢኝ፤ ከእነዚህ ሁሉ የታመምሁ እኔ ነኝ» አልኋት። ነገሬን ለመገላገል እጇን ዘረጋች፤ መታወቂያዬን ሰጠኋት።

እዚያ ላይ የልደቴ ቀን ዜሮ ዜሮ፣ ወሩም ዜሮ ዜሮ ነው። አውሮፕላኑ ከአገር ቤት ወደዚህ ባመጣን ሰሞን መዝጋቢው መቼ እንደተወለድሁ ሲጠይቀኝ፣ «አንበጣ በመጣ ዓመት፣ አጨዳ ሳይጀመር» ብዬው ነበር። እኛ ዘንድ ልደት የሚቆጥር ማን ነበር? አስተርጓሚው ተከዘ፤ መዝጋቢው ዓመቱን ከሽበቴ ገምቶ የቀረውን ዜሮ አደረገው። ዩድ አሌፍ እንደ እኔ ባለ ዜሮ ሽማግሌ የተሞላ ነው።

አስገባችው። ስክሪኑ ደረቀ።

«አባ፣ እንዳትንቀሳቀስ!» አለችኝ፤ የማመልጥ መስሏት። ደገመችው፤ ደረቀ። ሠለሰችው፤ ደረቀ። ባለ ሰንደሉ ሮጦ መጣ። ነገር ስለተበላሸ እንዲህ ሲፈነጥዝ ያየሁት ሰው የለም።

ከዚያ በኋላ ያየሁትን እስካሁን ለሰው ሁሉ እተርካለሁ። ሺህ መስመር የሚያህል ጽሑፍ ነው። መካከሉ ላይ «እዚህ ደርሻለሁ» የሚል ምልክት አስቀመጠችና አስኬደችው። ደረሰ። እንግዲህ ከላይ ያለው ግማሽ ንጹሕ ነው ብላ ተወችው። የቀረውን ደግሞ ለሁለት ከፈለችው። አልደረሰም። ያንንም ለሁለት። አሥር ጊዜ ያህል ብቻ ከፍላ፣ ሺው አንድ መስመር ሆነ! ማጌቩን እንደ ምርኩዝ ተደግፌ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ለካ ታንኳኳ ነበር፤ ለካ ድምፁን ትሰማው ነበር።

ያቺ መስመር በሽተኛው የተወለደበት ወር ስንት ቀን እንዳለው የምትጠይቅ ናት። ዜሮኛ ወር የለም፤ ማሽኑ መልስ ሲያጣ ድርቅ አለ። ልጄ ሁለት መስመር ጨመረች፤ ወሩ ካልታወቀ በዓመቱ ብቻ ቁጠር ብላ አዘዘችው። ማሽኑም ዕድሜዬን ቆጥሮ ቁጭ። አለቃዋ ጥቂት አየውና፣ «ከእሑድ ጀምሮ ሙከራ ላይ አይደለሽም» አላት።

አውቶቡስ ውስጥ ግን ድንገት ወደ እኔ ዞረች።

«አባ፣ አብረን አይደል የገባነው? የእኔ መታወቂያ ለምን ሙሉ ቀን አለው? የራሴን ስሞክር ያለፈው እኮ ለዚህ ነው።»

ተያዝሁ። «ያንቺ ተራ ሲደርስ ዜሮዬን አይቻት ነበር» አልኋት። «መዝጋቢው አንቺንም ዜሮ ሊያደርግሽ ነው ብዬ፣ ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ አንዷን ሳጥን በጣቴ ነካሁለት። ማንበቡን አልችል፤ ቀይ ስለሆነች ደስ አለችኝ።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት ኬክ የቆረስሁት—»

«ለቀይዋ ሳጥን።»

«በእውነት መቼ ነው የተወለድሁ?»

«ሽምብራው እሸት ሳለ። እናትሽ እሸት አምሯት ከሰው ማሳ ስነቅል ነው ወለደች ብለው የጠሩኝ።»

ሁለተኛ ጣቷን አንስታ ወደ እኔ ቀሰረችና፣ «ፈገግ እያለ የተሳሳተ መልስ የሚሰጥ» አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ የታደሰ ፕሮግራም ወደ ክሊኒኮቹ ከመሄዱ በፊት መጀመሪያ የምታሳልፈው እኔን ነው። ማታ ቤት ስንገናኝ፣ «አባ፣ ዛሬም አለፍህ» ትለኛለች። የትምህርት ቤት ደጅ ያልረገጥሁ ሰውዬ በስተርጅና ፈተና ማለፍ ጀመርሁ።

«ስንት አገኘሁ?» እላታለሁ።

«ዜሮ።»