አባቱን «አንተ» ያለው ወታደር

ኮረብታው ስም አልነበረውም። ኖሮት ከሆነም የሚያውቁት ከእኛ በፊት እዚያ ይኖሩ የነበሩት ናቸው። በእኛ ካርታ ላይ ቁጥር ብቻ ነበር፤ ቁጥሩንም ረስቼዋለሁ። የማልረሳው አናቱ ላይ የነበረውን ባዶ ቤት፣ ወደ ቤቱ የሚያወጣውን የትምባሆ እርከንና ፀሐዩን ነው።

ጊዜው በፈረንጆች 2006 ነው፤ ቦታው ከእስራኤል በስተሰሜን፣ ሊባኖስ ውስጥ። በኢትዮጵያ ክረምት በሚባለው ወር እዚያ ድንጋዩ በፀሐይ ይግላል። እኛ ተጠባባቂ ጦር ነበርን፤ ሚሉኢም የሚሉት። ከየሥራችን ጠርተው ልብስ አለበሱን፣ ጠመንጃ አስያዙን። ከጦር ጓዳችን ሁለታችን የአሽዶድ ከተማ ልጆች ነን፤ እኔ፣ አስማረ የምባለው፣ እና ዘለቀ። ሮቫ ሄ በሚባለው ሰፈር አንድ ሕንፃ ላይ ነው ያደግነው። እነሱ አራተኛ ፎቅ፣ እኛ ሁለተኛ።

ስለ ዘለቀ አንድ ነገር አስቀድሜ ልንገራችሁ። እናቱ ሲደውሉ ቆሞ ነበር የሚያናግራቸው። ምሽግ ውስጥ ተጋድመን እንኳ ይነሣል። «አቤት እማማ፣ ደኅና ነዎት?» ይላል። የጓዳችን መሪ ዮአቭ «ማን ነው፣ ጄኔራሉ ነው?» ይለዋል። «ከጄኔራልም በላይ» ይላል ዘለቀ፣ ፈገግ ብሎ። በእነሱ ቤት አባትና እናት አንቱ ናቸው። አውቶቡስ ላይ ሽማግሌ ሲያይ ከወንበሩ ሲነሣ ሽማግሌው ገና በር ላይ ነው።

የመውጣቱ ትእዛዝ ሌሊት ይደርሳችኋል ተባልን። ሌሊቱን ጠበቅን፤ አልደረሰም። ጎህ ቀደደ፤ አልደረሰም። ረፋድ ላይ፣ ጥላ ሁሉ ካጠረ በኋላ፣ ሬዲዮው ተናገረ። ሬዲዮውን የተሸከመው ዘለቀ ነበር። መነጋገሪያውን ለዮአቭ ሰጠው። ዮአቭ ጀርባውን ሰጥቶን ጥቂት ተነጋገረ። ሲዞር ፊቱ ሌላ ነበር።

«እንወጣለን» አለ።

«በቀን?» አልኩት።

«በቀን።»

ትእዛዙን የሰጠው የሻለቃችን አዛዥ ነው። ስሙን አልጠራም፤ ደብቄለት ሳይሆን አፌ ላይ እንዲቀመጥ ስለማልፈልግ ነው። እሱ ያን ጊዜ ከድንበሩ ወዲህ፣ ቀዝቃዛ አየር በሚነፍስበት ክፍል ተቀምጦ ኮረብታውን በስክሪን ያይ ነበር።

ወጣን። ተራርቀን፣ ተራ በተራ። ላቡ ዓይናችን ውስጥ ይገባል። ማንም አልተኮሰብንም። ቤቱ ዘንድ ደረስንና ግድግዳውን ተጠግተን ቆምን። ሚሳኤሉ ከማዶ ሸንተረር መጣ። ዮአቭ ወዲያው ሞተ። ሳሻ የቁስለኛ ረዳታችን ነበር፤ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ወደ ዮአቭ ሮጠ። ሁለተኛው ሳሻን አገኘው። ጭሱ ሲገለጥ ዘለቀ ግድግዳው ሥር ተቀምጧል። ሬዲዮው ጀርባው ላይ ነው። ዓይኑ ተከፍቷል። ከራስ ቁሩ ጠርዝ በታች፣ ግንባሩ ላይ፣ የጥፍር ያህል ቀዳዳ አየሁ። በቃሬዛ አወረድነው። እየወረድን ሬዲዮው «ኮረብታው ተያዘ ወይ?» እያለ ይጠይቅ ነበር።

በማግስቱ ኮረብታውን ልቀቁ ተባለ። ለቀቅን።

አሽዶድ ያኔ የራሷ ሆስፒታል አልነበራትም። ዘለቀ የተኛበት በሁለት አውቶቡስ የሚደረስ ነው። ቤተሰቡ እንደ ዘብ ተራ ገቡ። ጠዋት እናቱ እማማ ብርቄ ይገባሉ። ከሰዓት በኋላ እኅቱ የሺ፣ ሃኪርያ የሚባል ሰፈር ካለው ሱቅ ሥራዋን ጨርሳ ትደርሳለች። አባቱ ጋሽ ማሩ ወደብ ላይ የመጋዘን ጥበቃ ነበሩ፤ ከሥራ ሲወጡ ልብሳቸውን ሳይለውጡ ቀጥታ ይመጣሉ። እኔም ትጥቄን ከመለስኩ በኋላ ሥራ በማይኖረኝ ቀን ሁሉ እሄድ ነበር።

ዘለቀ ብዙ ጊዜ ሳይነቃ ቆየ። እማማ ብርቄ ግን አጠገቡ ተቀምጠው ያወሩለታል፤ ጎረቤት ማን እንደወለደ፣ ሊፍቱ እንደገና እንደተበላሸ፣ ማን ከማን እንደተጣላ። አንድ ሐኪም በእሳቸው ራስ ላይ አሻግሮ የሺን እያየ በዕብራይስጥ «እናትሽ ባይደክሙ ይሻላል፤ የሚሰማ ነገር የለም» አላት።

«ምን አለ?» አሉ እማማ ብርቄ።

«ያውሩለት አለ» አለች የሺ።

ያን ሐኪም ከዚያ ቀን በኋላ ሰላም ብዬው አላውቅም። እሱም እንደጎደለው የሚያውቅ አይመስለኝም።

ዘለቀ ዓይኑ ሰው መከተል ጀመረ። ከዚያ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። አንድ ቀን ወደ ማታ ጋሽ ማሩ ገብተው ራስጌው ዘንድ ሲቆሙ፣ ጥርት ባለ አማርኛ «አንተ፣ ውሃ አምጣ» አላቸው።

ጋሽ ማሩ ውሃውን ቀዱ። ራሱን ደግፈው አጠጡት። ብርጭቆውን በቀስታ አስቀመጡና ወደ ኮሪደሩ ወጡ። ተከትያቸው ወጣሁ። ግድግዳውን በአንድ እጃቸው ይዘው ቆመዋል።

«ተናገረ እኮ ጋሼ» አልኳቸው።

«ተናገረ» አሉ። «ማን እንደሆነ ግን እንጃ።»

የክፍሉ ኃላፊ የሆነችው ሐኪም ጥሩ ሴት ነበረች፤ ተቀምጣ ነበር የምታስረዳው። በየሺ አስተርጓሚነት እንዲህ አለቻቸው፦ «የተጎዳው የአንጎሉ የፊት ክፍል ነው። ሰው ያሰበውን ሁሉ እንዳይናገር የሚይዘው ፍሬን እዚያ ነው ያለው። ዝም ማለት ከእንግዲህ ይከብደዋል።»

«ይጠገናል?» አሉ እማማ ብርቄ።

«በከፊል። ደጋግሞ የሚሰማውን ይቀዳል። ተስፋ አትቁረጡ።»

ወዲያው የሰፈራችን ሰዎች ሊጠይቁ መጡ። ከሁሉ በፊት የመጡት አቶ ደርሶ ናቸው፤ በየለቅሶውና በየሠርጉ ወንበሩ አስቀድሞ የሚያዝላቸው ሽማግሌ። አልጋው ላይ ጎንበስ ብለው ምርቃት ጀመሩ። ዘለቀ ሰማቸው፣ ሰማቸውና «አንተ፣ አፍህ ይሸታል። ሂድልኝ» አለ።

እውነቱን ለመናገር ይሸታል። ሁላችንም እናውቃለን። አቶ ደርሶ ግን ያመጡትን ብርቱካን ይዘው ተመለሱ፤ ይህን በዓይኔ ባላይ አላምንም ነበር። ለሻባት፣ ለቅዳሜው ሰንበት፣ «የማሩ ልጅ ባለጌ ሆኖ ነቃ» የሚለው ወሬ ከሮቫ ሄ አልፎ ሮቫ አሌፍ ደርሷል። ርግማን ነው ያለ አለ። ጦሩ ነው ያባለገው ያለ አለ። አንዱ ደግሞ እዚያው ሞቶ ቢሆን በክብር ይቀበር ነበር አለ። ያ ሰው እስከ ዛሬ ገበያ መሀል ሲያገኘኝ እጁን ይዘረጋልኛል። እኔ ሁልጊዜ በሁለቱም እጄ ዕቃ ይዣለሁ። ለሬሳ ድንኳን ለመትከል የሚሽቀዳደም ሕዝብ በሕይወት የተረፈውን ለመጠየቅ አውቶቡስ ይርቀዋል። ከዚያ በኋላ ክፍሉን የረገጠ ጠያቂ የለም ማለት ይቻላል።

እማማ ብርቄ የሐኪሟን ቃል ይዘው አሰቡ። በማግስቱ ጠዋት ገብተው፣ መጋረጃውን ገለጡና ልጃቸውን «ዘለቀ፣ እንዴት አደሩ? ይነሡና ፊትዎን ይታጠቡ» አሉት።

የሺ መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

«እማማ፣ ልጅዎን አንቱ ይላሉ?»

«የሚሰማውን ይቀዳል አላለችም? ታዲያ ከማን ይስማ? አንቺም በይው።»

እኔም ማለት ጀመርኩ። ከልጅነቴ በኳስ ስደበድበው የኖርኩትን ልጅ «አቶ ዘለቀ፣ ሾርባው ይጨመርልዎት?» እለዋለሁ። ጋሽ ማሩ ግን እንቢ አሉ። «የወለድኩትን አንቱ አልልም፤ በእኔ ዕድሜ አልተደረገም» ብለው ስንቱን ቀን ዝም ብለው ተቀመጡ። መመገቡን ግን አላቋረጡም። ኮሪደሩ ላይ ሲያለማምዱት ከኋላው ሆነው ቀበቶውን ይይዙለታል፤ ግራ እግሩ ሲጎተት አብረው ይቆማሉ። የሸሚዝ ቁልፍ መቆለፍ እንደገና ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። አንድ ከሰዓት ከወደብ መጥተው ኮፍያቸውን አወለቁ። እማማ ብርቄን አዩ፤ ልጃቸውን አዩ። ጉሮሮአቸውን ጠረጉና «እንዴት ዋሉ፣ አቶ ዘለቀ?» አሉ።

ዘለቀ ትክ ብሎ አያቸውና ሳቀ። ከቆሰለ በኋላ ሲስቅ ያየሁት ያኔ ነው። «ደኅና ነኝ። አንተስ?» አለ።

ይህም ሰፈር ደረሰ። ማሩ ልጁን አንቱ ይላል፣ ቤተሰቡ በሙሉ አብዷል ተባለ። ይበሉ።

በዚያው ሰሞን ያ በቀን ውጡ ብሎ ያዘዘን ሻለቃ መጣ። ልብሱ ተተኩሷል፤ ፎቶ አንሺ አስከትሏል፤ በመስተዋት የተለበጠ የክብር ሰሌዳ ይዟል። የእኔን እጅ ጨበጠ፤ ማን እንደሆንኩ ግን አላወቀኝም። ከዚያ አልጋው ግርጌ ቆሞ ለቤተሰቡ ስለ ኮረብታው መተረክ ጀመረ፤ በጨለማ እንደወጣን፣ በድንገት እንደያዝነው፣ ልጃቸው ከፊት እንደነበረ። ድምፁ ያምራል። ብዙ ቦታ የተናገረው እንደሆነ ያስታውቃል።

ዘለቀ ትራሱን ተደግፎ ያዳምጥ ነበር።

«ቀን ነው» አለ በዕብራይስጥ። «ፀሐይ ነበር።»

ሻለቃው ፈገግ አለ። ዘለቀ ቀጠለ፤ ቃላቱ ቢጎተቱም አንዱንም አልሳተም። «ዮአቭ ‹እስኪመሽ እንቆይ፣ ያዩናል› አለህ። አንተ ‹ፀሐይ ትፈራላችሁ እንዴ?› አልከው። ሬዲዮው እኔ ጀርባ ላይ ነበር። ሰምቻለሁ።»

ዮአቭ ጀርባውን ሰጥቶን ያወራውን ያኔ ነው የሰማሁት። ፎቶ አንሺው ካሜራውን ዝቅ አደረገ። ሻለቃው ወደ የሺ ዞሮ «አይዞሽ፣ ጉዳቱ ነው። እንዲህ ያሉ ሰዎች ነገር ይደባለቅባቸዋል» አላት።

ጋሽ ማሩ «ምን ተባባሉ?» አሉ። የሺ ሁሉንም ነገረቻቸው፤ የሁለቱንም። ጋሽ ማሩ ተነሡ። ሰሌዳውን ከጠረጴዛው አንሥተው፣ በመጣበት ጨርቅ ጠቅልለው፣ በሁለት እጃቸው ይዘው ጎንበስ አሉለት።

«ልጄ ሰው ይሳደባል፤ አባቱን አንተ ይላል» አሉ። «ውሸት ግን እስካሁን አልሰማንበትም። ይኸን ይውሰዱት። የእኛ ቤት ግድግዳው ጠባብ ነው።»

የሺ ተረጎመች። ዕብራይስጥ አንቱ የሚባል ነገር ስለሌለው ሻለቃው ምን ያህል ተከብሮ እንደተባረረ አላወቀም።

በኋላ ነገሩን የሚያጣሩ ሰዎች ተሰየሙ። እኔ ቀርቤ መሰከርኩ። ዘለቀን አልጠሩትም፤ አንጎሉ የተጎዳ ሰው ቃሉ አይታመንም ተባለ። አንጎሉ ጤነኛ የሆነው ሻለቃ ቃሉ ታመነ፤ ማዕረጉም ከፍ አለ። በዚህ ላይ የምጨምረው የለኝም።

ዘለቀ በበትር እየተደገፈ ወደ ቤቱ ተመለሰ። አራቱን ፎቅ ሲወጣ ሊፍቱ ቆሞ ነበር፤ አባቱ ከኋላ፣ እኔ ከፊት ሆነን ወጣን። የእናቱ ትምህርት ይዞለታል፤ ግን በራሱ መንገድ ነው የያዘው። የአውቶቡስ ሾፌሩን አንቱ ይላል። የጎረቤታችንን ሕፃን አንቱ ይላል። አባትና እናቱን፣ የሺንና እኔን ግን አንተና አንቺ እንዳለ ቀረ። የሚያናድደው ሲገጥመው ዛሬም ይሳደባል፤ ከሁለት ሥራም ተባርሯል። አሁን አንድ ችግኝ ጣቢያ ውስጥ ውሃ ያጠጣል፤ ችግኞቹ አልተቀየሙትም።

አንድ ሻባት አቶ ደርሶ ደረጃው ላይ አገኙን። ዘለቀ ለእሳቸው እጅ ነሥቶ «እንዴት ሰነበቱ?» አለና ወደ አባቱ ዞሮ «አንተ፣ ቁልፉን ስጠኝ» አለ። ከፍቶ ገባ። አቶ ደርሶ ያችን ሲጠብቁ የኖሩ ይመስል ነበር።

«ማሩ፣ ባዳውን ሁሉ አንቱ እያለ አንተን የወለድከውን አንተ ይልሃል። ዝም ትለዋለህ?»

ጋሽ ማሩ አልተቆጡም። «ፈጣሪንም አንተ ነው የምንለው» አሉ። «እስካሁን አልተቀየመንም።»

እናንተ ልጆች ስለ ጦር ሜዳ ስትጠይቁኝ የምነግራችሁ ይኸን ነው። ከጓዳችን ሁለት ሞቱ። ዮአቭ፣ ከሞተ በኋላ የተወለደች፣ ያላያትን ሴት ልጁን ትቶ። ሳሻ፣ እናቱን ብቻዋን ትቶ። ዘለቀ ከቁስለኞች ተቆጥሯል። ጋሽ ማሩና እማማ ብርቄ የትም አልተቆጠሩም። ሻለቃው በየዓመቱ በመታሰቢያው ቀን ንግግር ያደርጋል፤ እኛ አንሄድም። በሌላ ቀን፣ ሰው በሌለበት፣ ከዘለቀ ጋር ወደ ዮአቭ መቃብር እንሄዳለን። ዘለቀ እንደ አይሁድ ልማድ ከመሬት ጠጠር ፈልጎ ያነሣል፤ በሸሚዙ ይጠርገውና የመቃብሩ ድንጋይ ላይ ያስቀምጠዋል። ከዚያ ይቆማል። ለሰው ሁሉ አፉ ላይ የመጣለትን የሚናገር ሰው እዚያ አንድም ቃል አይወጣውም። ምን እንደሚያስብ ጠይቄው አላውቅም።