በረኛው የቆረበ ዕለት

ባለፈው ሳምንት ከአዘዞ ወደ ጎንደር በሚወጣው አውቶቡስ ውስጥ ሾፌሩ ሬድዮውን ከፍ አድርጎ ነበር። ዜና አንባቢው ዕድሜያቸው ከአሥራ አምስት ዓመት በታች የሆኑ ልጆች የየአገራቸውን ማሊያ ለብሰው የሚጋጠሙበት የእግር ኳስ ሻምፒዮና በውጭ አገር መጀመሩን ተናገረ። አጠገቤ የተቀመጡ ኮፍያ ያደረጉ ሰውዬ ጆሯቸውን ወደ ሬድዮው አዘንብለው ቆዩና ዜናው ሲያልቅ ወደ እኔ ዞሩ።

«ይኸው፣ ልጅ ሁሉ ለአገሩ ይጫወት ጀመር» አሉኝ። ወዲያው ሴት መሆኔ ትዝ አላቸው መሰለኝ፣ «አንቺ እንኳ ነገሩ አይገባሽም» ብለው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ።

«እኔ ለአገሬ በር ላይ ቆሜያለሁ» አልኳቸው።

ሳቁ። በክፋት አይደለም፤ ሕፃን ሲቀልድ እንደሚሳቀው ነው። እኔ ደግሞ ሲሳቅብኝ ዝም ማለት አልችልበትም። ነገሩን ከሥሩ ጀመርኩላቸው፤ ግን ወሬዬ ገና ወገቡ ላይ ሳይደርስ አውቶቡሱ ፒያሳ ደረሰና ሰውዬው ወረዱ። ጀምሬ ያልጨረስኩት ነገር እንቅልፍ ይነሳኛል፤ ስለዚህ ይኸው ልጻፈው።

ያን ጊዜ ሰባተኛ ክፍል ነበርኩ። ወንድሜ በላይ በአንድ ዓመት ይበልጠኛል። ሁለት ሥራ ነበረው፤ ጠዋት የደብራችን ዲያቆን፣ ከሰዓት በኋላ የትምህርት ቤቱ በረኛ። በሁለቱም ጎበዝ ነበር። ጓሯችን ውስጥ ሁለት ባሕር ዛፎች ጎን ለጎን በቅለው ነበርና በመካከላቸው እሱ ይቆማል፣ እኔ እመታለሁ። እሱ ሲደክመው እኔ እቆማለሁ፣ እሱ ይመታል። የሚራራልኝ እንዳይመስላችሁ። ኳሱ ሆዴን ሲያገኘኝ ትንፋሼ እስኪመለስ ቆሞ ይጠብቅና «እሺ፣ ደገምኩ» ይላል። ከበጋ እስከ በጋ እንዲህ ስንባባል ከረምን። ክረምት ሲገባ ጭቃው ላይ መውደቅ አይጎዳም፤ የመጋቢት መሬት ግን እንደ ድንጋይ ነው፤ ክርኔ ሲላጥ እናቴ እንዳታይ ነጠላዬን ወደ ታች እስባለሁ።

አባቴ ኮላ ድባ እየተመላለሰ እህል የሚነግድ ሰው ነበር። እሱ ቤት ሲኖር ኳሱ ከጆንያው ጀርባ ይደበቃል። አንድ ቀን ግን ሳናስበው ደረሰና እኔን አቧራ ላይ ተዘርግቼ፣ ኳስ አቅፌ አገኘኝ። አልመታኝም፤ ቢመታኝ በተሻለኝ።

«እንጉዳይ» አለኝ ረጋ ብሎ፣ «ትምህርት ቤት የላክሁሽ እንድትማሪ ነው። ከእንግዲህ ኳስ ስትነኪ ካየሁሽ ትምህርቱ ይቀርና ባል ይፈለግልሻል።»

አባቴ የማያደርገውን አይናገርም። ከክፍሌ ልጆች መካከል ለፋሲካ ተድረው ለዳግም ትንሣኤ ወንበራቸው ባዶ የሆነ ነበሩ። እኔ እንኳን ለባል፣ ለአንድ ሰዓት ቁጭ ብሎ ጥጥ ለመፍተል ትዕግሥት የለኝም። ስለዚህ አባቴ ባለበት ኳስ አልነካሁም። አባቴ በሌለበት፣ ያው እንደ ድሮው።

በዚያው ዓመት፣ ዐቢይ ጾም ሲጋመስ፣ የሱዳን ልጆች መጡ። የስፖርት መምህራችን ጋሽ ሰይፉ የሐረር ሰው ናቸው፤ መተማ ላይ ካገኙት የገዳሪፍ መምህር ጋር «የሁለት አገር ልጆች ለምን አይጋጠሙም?» ተባብለው ጉዳዩን ቆርጠው ተመለሱ። ስምምነቱ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ተጫዋቹ ሁሉ ከአሥራ አምስት ዓመት በታች ይሁን። ዕድሜ ሲጣራ የነበረውን ሳቅ አልረሳውም። የእኛ እናቶች «አንበጣ የወረደ ዓመት ነው የወለድኩት»፣ «ኧረ እሱማ በማግስቱ ነው» እያሉ ጋሽ ሰይፉን አሳበዷቸው።

እንግዶቹ በጭነት ማኪና ተጭነው ሲገቡ ከአቧራው የተነሣ ሁሉም አንድ መልክ ነበራቸው። ሲታጠቡ ጊዜ ታኬታ ጫማቸው፣ እስከ ጉልበት የሚደርሰው ካልሲያቸው ታየ። ከእነሱ መካከል አንዱ ረጅም ልጅ አፍንጫው ሥር ጥቁር ነገር ይታየው ነበርና ከተማው «ያ ባለ ጢሙ» አለው። ክፉ ልጆች አልነበሩም፤ በከረጢት ሙሉ ተምር ይዘው መጥተው አከፋፈሉን። ተምር ጾም አያስገድፍም። ሽሮና ተልባ ሲደጋገምብን ለከረምነው ያ ተምር ከማር አይተናነስም ነበር። እየበላንም «እናሸንፋችኋለን» እንላቸው ነበር፤ እነሱም ባይገባቸውም ይስቁ ነበር። የእነሱን ሰንደቅና የእኛን ሰንደቅ ሜዳው ዳር ጎን ለጎን ሲተክሉ ግን ሳቁ ቀነሰ።

ጋሽ ሰይፉ ግጥሚያውን ለእሑድ አደረጉት፤ ሰው ሁሉ ከቅዳሴ በኋላ ሥራ የለውም፣ ወጥቶ ያያል ብለው። አርባ አራት ታቦት ባለበት ከተማ ዲያቆን በረኛ ይዞ ለእሑድ ቀጠሮ መስጠት! ይህን ስሕተት የሐረሩ ሰው ቢሠሩት አይፈረድባቸውም። እኛ ግን የከተማው ልጆች ነን፤ እኛም አላሰብነውም።

እሑድ ሳይነጋ ከደብሩ ሰው መጣ። ተረኛው ዲያቆን ደምቢያ ወርዶ ንዳድ ይዞት ተመልሷል፤ ለቅዳሴ ሰው ጎድሏል፤ በላይ ይምጣ። እናቴ ደስታዋን አትጠይቁኝ። ነጭ ልብሱን ከሣጥን አውጥታ፣ ራሷ አልብሳ ሸኘችው። የቀደሰ ዲያቆን ደግሞ ይቆርባል። ረፋዱ ላይ አፉን በነጠላ ሸፍኖ፣ ፊቱ አብርቶ ሲመጣ እናቴ ምንጣፍ ዘረጋችለትና እንደ ልማዷ ትነግረው ጀመር።

«እንግዲህ እንዳትተፋ። እንዳትሮጥ። ባዶ እግርህን እንዳትሄድ፣ እሾኽ ወግቶህ እንዳትደማ። ዛሬ ቁጭ ብለህ ዋል፣ ልጄ።»

በላይና እኔ ተያየን። ፊቱ ላይ ያለው ብርሃን ቀስ እያለ ሲጠፋ አየሁት።

ሜዳው ቀሃ ወንዝ አጠገብ ነው። ስምንት ሰዓት ላይ ስንደርስ የከተማው ሰው ዙሪያውን ሞልቶት ነበር። በላይ ጫማውን አድርጎ፣ ተከናንቦ፣ በቄስ እርምጃ ወደ ጋሽ ሰይፉ ሄደ። ሲነግራቸው ፊሽካቸው ከአፋቸው ወደቀ።

«ዛሬ? ዛሬ ነው የምትቆርበው?»

«ሰው ጎድሎ ነው፣ ጋሼ።»

«እኔስ ሰው አልጎደለብኝም?»

ሌላ በረኛ አልነበረም። አንዱን ተከላካይ አቁመው ቢሞክሩት ኳስ ሲመጣ ዐይኑን ይጨፍናል። ሌላው እጁን መጠቀም እየረሳ በእግሩ ይመልሳል። የቡድኑ አለቃ ታደለ ጭንቅላቱን ይዞ ሲቀመጥ በላይ ከነጠላው ሥር፣ «እንጉዳይ ትቁም» አለ።

«ማን?»

«እንጉዳይ። እህቴ።»

ታደለ ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ። «ኧረ በማርያም! ሱዳን አገር ድረስ ሊሳቅብን ነው።»

«ዐሥር ገብቶባችሁ ስትሸነፉ ከሚሳቅባችሁ ይሻላል» አልኩት። «ፈርተህ ካልሆነ ምታ።»

ይህን ስል አባቴ ኮላ ድባ እንደሆነ አውቃለሁ። ሰኞ እንደሚገባም እናቴ ነግራኛለች። ቢሆንም በከተማው ሰው ሁሉ ፊት ቆሜ ሳይሰማ ይቀራል ብዬ አላሰብኩም። ከትምህርት ቤት መባረሬን በገዛ አፌ እየጠራሁት ነበር። ታደለ መታ፤ በንዴት ነበርና ከበደ። ያዝኩት። ከዚያ ወዲያ ክርክር አልነበረም።

የገዳሪፉ መምህር የመተማ አማርኛ ይችሉ ነበር። ጋሽ ሰይፉ እያፈሩ ሲጠይቋቸው፣ «እኛ የተስማማነው ዕድሜ ነው። ስንት ዓመትሽ ነው፣ ልጅት?» አሉ።

«ከባለ ጢሙ አንሳለሁ።»

ሆዳቸውን ይዘው ሳቁና ፈቀዱ።

የበላይን ሱሪ ከቀሚሴ ሥር ለብሼ በሩ ላይ ቆምኩ። ከኋላዬ በላይ፣ አፉን እንደሸፈነ። ከእሱ ጎን ከተማው ሁሉ የሚያውቃቸው ነገረኛ ሽማግሌ አያ ካሤ በዱላቸው ተደግፈው ቆመዋል።

«ምነው፣ ወንድ አለቀና ነው ሴት ያቆማችሁት?» አሉ ጮኽ ብለው።

«ወንዱ ቆርቧል፣ አያ ካሤ» አልኳቸው።

ሰዉ አውካካ። ሳቁ ሳይበርድ ግን የመጀመሪያዋ ጎል ገባችብኝ። ባለ ጢሙ መሬት ለመሬት ሰደዳት፤ ጎንበስ ስል በእግሮቼ መካከል፣ ቀሚሴን ገልጣ አለፈች።

«ድንኳን ነው እንዴ የለበስሽው?» አሉ አያ ካሤ። «ኳሱ ሊጠለል ገባ እኮ!»

ጆሮዬ ድረስ ተቃጠልኩ። በላይ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እሺ፣ ደገምኩ» አለኝ። ጓሯችን ያለሁ መሰለኝ። ቀሚሴን ጠቅልዬ ወገቤ ላይ አሰርኩት። ከዚያ በኋላ የመጣውን እንጃ፤ ወደ ላይ የመጣውን በቡጢ አባረርኩ፣ ወደ ጎን የመጣውን ተዘርግቼ ያዝኩ። ታደለ አንድ አገባና እኩል ሆንን። እረፍት ወጥተን ስንመለስ ከኮርና የተሻማ ኳስ በጭንቅላቱ ደገመ። ሁለት ለአንድ። እልልታው ከግንቡ ማዶ ይሰማ ነበር አሉ።

ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ፣ ጨዋታው ሊያልቅ ሲል፣ አንዱ ተከላካያችን ደንግጦ ኳስ በእጁ መታ። ዳኛው ሪጎሬ፣ ፍጹም ቅጣት ምት፣ ሰጡ። ባለ ጢሙ ኳሱን አስተካክሎ አስቀመጠ።

«ወደ ቀኝሽ ነው» አለ በላይ ከኋላዬ። «እንደተንደረደረ ወደ ቀኝሽ ዝለይ።»

ልዘል ጉልበቴን አጠፍኩ። በዚህ መካከል ዐይኔ ከባለ ጢሙ ትከሻ ማዶ፣ የአዘዞን መንገድ አየ። ሦስት የተጫኑ አህዮች፤ ከአህዮቹ ፊት አባቴ። ገበያው ቀንቶት ቀደም ብሎ ገብቷል። ቆሟል። ወደ እኔ ነው የሚያየው።

በብልሃት የቆምኩ እንዳይመስላችሁ። ዕድሜዬን ሙሉ አንድ ቦታ ቆሜ የማላውቀው እኔ፣ አባቴን አይቼ እንደ ግንድ ደረቅሁ። ባለ ጢሙ ደግሞ እንደምዘል ተማምኖ ኳሱን በቀጥታ፣ ወደ መካከል ለቀቃት። ደረቴን አገኘችኝ። ትንፋሼ ተቋረጠ፣ ኳሷ ከፊቴ ነጠረች፣ እነሱም እኛም ወደ እሷ ሮጥን። ትምህርቱስ እንደሆነ ሄዷል፤ ኳሷ ግን አትሄድም አልኩና ታኬታው ሁሉ መካከል ተወርውሬ ወደቅሁባት። ዳኛው ማብቂያውን ሲነፉ አልሰማሁም። ታደለ ነው ጎትቶ ያነሣኝ።

ሁሉም እየሮጠ መጣ። ጋሽ ሰይፉ ኮታቸውን ጥለው ሮጡ። አያ ካሤ ዱላቸውን ትተው ሮጡ። በላይ ብቻ አልሮጠም። አንድ እርምጃ ተወረወረና ትዝ አለው፤ ቆመ። ከዚያ ያ ሁሉ ሕዝብ ሲተራመስ እሱ ጫማውን እያየ፣ ታቦት እንዳጀበ ሰው በቀስታ፣ በቀስታ መጣ። ነጠላውን ከአፉ ሳያነሣ እንባው ይወርድ ነበር። አላቀፈኝም፤ ክርኔ ይደማ ነበርና ደም እንዳይነካው እኔው ራቅሁ። አቧራ የለበሰ ራሴን ግን በመዳፉ ዳበሰኝ። ባለ ጢሙ መጥቶ ጨበጠኝ፤ የቀረችውን ተምር ከኪሱ አውጥቶ ሰጠኝ።

የዚያን ቀን ቤታችን ውስጥ ማንም አልጮኸም። ቆራቢ ባለበት ቤት ጠብ አይነሣም፤ እናቴ አባቴን በር ላይ ተቀብላ ይህንኑ ሹክ አለችው። እህሉን አራገፈ፣ አህዮቹን አሰረ፣ በላ፣ ተኛ። እኔ ግን ቅጣቴ ለሰኞ መተላለፉን አውቄ ነበር። ባል የሚሆነኝን ሰው መልክ እያሰብኩ አነጋሁ፤ ሁሉንም ጠላኋቸው።

ሰኞ ጠዋት አባቴ ምድጃው አጠገብ ተቀምጦ ቆሎ ይቆረጥማል። ጠራኝ። ሄጄ ቆምኩ።

«ስንት ገባብሽ?» አለኝ።

«አንድ።»

ቆሎውን አላምጦ ዋጠ።

«እሷስ ምነው ገባች?»

«ቀሚሱ ነው፣ አባባ። በእግሬ መሃል አለፈች።»

«ቀሚስ ለብሶ በር ላይ መቆም ምን ይሉታል?» አለና እጁን አራገፈ። «በይ ምን ያስቆምሻል? ትምህርት ቤት ረፈደብሽ እኮ!»

ሮጥኩ። ከቤታችን እስከ ትምህርት ቤቱ ያለው ዳገት የዚያን ቀን ሜዳ ነበር።

ከዚያ በኋላ ማንም በር ላይ አላቆመኝም። በሚቀጥለው ሳምንት በላይ ወደ ቦታው ተመለሰ፤ ለመልሱ ግጥሚያ ገዳሪፍ የሄደውም እሱ ነው። ይህን ሳስብ ድሮ እናደድ ነበር። አሁን አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ፣ የራሴን እንጀራ እየበላሁ ሳስበው ግን ሌላው ነገር ይበልጥብኛል። ባል ቤት ሊያስገባኝ የነበረው መንገድ ያን ቀን እኔ ደረት ላይ ነጥሮ ተመለሰ። ሬድዮ የሚያወራላቸው ልጆች ስንት ሰው እንደሚያጨበጭብላቸው አላውቅም፤ ይጨብጨብላቸው። እኔ ባልቆም ኖሮ ግን ያን እሑድ ጎንደር ተሸንፋ ነበር። ይህን የምጽፈው ትሕትና ሳልጨምርበት ነው።