የሙዝ ውኃ የነካው ጋውን

ሰሞኑን ስልኬ ላይ አንዲት ሴትዮ እየደጋገመች ትመጣብኛለች፤ ጓንት አጥልቃ፣ ሆምጣጤና ሶዳ እየደባለቀች፣ ሶፋ ላይ የተጣበቀ ማስቲካ፣ ጠረጴዛ ላይ የደረቀ ማር፣ አዲስ ድስት ላይ የቀረ የዋጋ ወረቀት «በሦስት ደቂቃ ድራሹን አጠፋዋለሁ» የምትል። የሆምጣጤውን ፉጨት በሰማሁ ቁጥር ግን የሚታየኝ የሌላ ሰው ፊት ነው፤ ሶዶ ውስጥ የሚያጣብቅ ነገር ሁሉ ይፈራኛል ብለው የሚያምኑት የእትዬ አበበች ፊት።

እትዬ አበበች የቤተ ክርስቲያናችን ሕፃናት መዘምራን የልብስ ኃላፊ ነበሩ። ሥልጣኑ የአንድ ሣጥን ቁልፍ ነው፤ እሳቸው ግን ያንን ቁልፍ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ሲራመዱ ዞኑን በሙሉ የሚያስተዳድሩ ይመስላሉ። ማስቲካ ከጁስ ቤት በለመኑት በረዶ ያደርቃሉ፣ የሻማ ቅላጭ ወረቀት አልብሰው በካውያ ያነሳሉ፣ የተለጠፈ ነገር በነጭ ጋዝ ያሻሉ፤ እውነት ለመናገር ይሠራል። የማይቻለው ከዚያ በኋላ የሚከተለው ስብከት ነው፤ ከፓስተሩ ይረዝማል። ሰው ቤት ሲገቡ እንኳ መጀመሪያ ሰላም የሚሉት የጠረጴዛውን ላስቲክ ነው፤ ዳበስ አድርገውት ጣታቸውን ትንሽ ያዝ ካደረጋቸው «ውይ፣ እህቴ» ይሉና የቤቱን እመቤት እዚያው ይቀብሯታል።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። በመከር ምስጋና እሑድ ሰው ሁሉ ከጓሮው ያፈራውን፣ ጎደሬም ዶሮም፣ ይዞ ይመጣል። እናቴ ሙዝ ሻጭ ናትና ጠዋት የቆረጠችውን ዘለላ አሸከመችኝ፤ እኔም ነጩን ጋውን እንደለበስኩ፣ ሰው ይየኝ ብዬ፣ እንደ ሕፃን ደረቴ ላይ ለጥፌው ገባሁ። ከሙዙ አንገት የሚወርደው የሚያጣብቅ ውኃ ያን ቀን አይታወቅም፤ ቀለም የለው፣ ሽታ የለው። ጉዱ በማግሥቱ ነው፤ ሻይ የተደፋበት ይመስላል።

ያ ሳምንት ደግሞ ቅዳሜ ቦምቤ ሄደን የምንዘምርበት ነበር። ከሶዶ ወጥቼ አላውቅም። ለብቻ የሚዘመረውን ስንኝ የምንቀባበለው እኔና የጎረቤታችን ልጅ ምሕረት ነን። ትርፍ ጋውን የለም፤ ጋውን የሌለው ደግሞ አይሄድም።

ረቡዕ እናቴ ይዛኝ እትዬ አበበች ቤት ሄደች። ከደረት እስከ ጉልበት ቡናማ የሆነውን የሥራ ቀሚሷን እያሳየች፣ «እትዬ፣ ሙዝ ያለቀሰበት ልብስ አይነጻም። በከንቱ አይልፉ፤ እኔ ነጭ ጨርቅ ልደርብበት» አለቻቸው። እሳቸው መጀመሪያ ቀሚሱን፣ ቀጥሎ እሷን አዩ። «ሙዝ ሻጭ ልብስ ማጠብ ልታስተምሪኝ ነው? የተጣፈ ልብስ ለጌታ አይቀርብም» አሉ። እናቴ ነጠላዋን ሰብስባ ከዚያ ቤት ወጣች። እኔ እስከ ዛሬ አልወጣሁም።

በበረዶ ሞከሩት፣ በካውያ ሞከሩት፣ በነጭ ጋዝ አሹት፤ በመጨረሻ ከሳሙናና ከበረኪና ጋር ድስት ውስጥ ቀቀሉት። ዓርብ ሲወጣ ደረቱ ተበሳስቷል፤ እድፉ ግን ጠቁሮ፣ ቀዳዳዎቹን እንደ አጥር ከቧቸው ተቀምጧል። «ሰይጣን አለበት» አሉ እንጂ «ተሳሳትኩ» አላሉም። ጨርቁን ወረወሩልኝና «አንቺ ትቀሪያለሽ። ምሕረት ብቻዋን ትዘምራለች» ብለው ጨረሱ።

ምሕረት ብቻዋን መዘመር ከድሮም ትመኝ እንደነበር አውቃለሁ። ያን ዕለት ከልምምድ በኋላ ጋውኗን ሳትመልስ በፊት በእኛ ጓሮ በኩል መጣች፤ እናቴ ያኔውኑ ከቆረጠችው ዘለላ ፊት ቆመች፤ ሁለት እጇን ዘርግታም እንደ ዘመድ አቀፈችው።

«ዛሬ አይታይም አይደል?» አለችኝ።

«ነገ ነው የሚታየው» አልኳት።

ገና ነጭ እንደሆነ ወስዳ መለሰችው።

ቅዳሜ ጠዋት ሚኒባሱ ጥሩምባውን እየነፋ፣ እናቴ የጣፈችውን ጋውን ታቅፌ የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ቆሜ ሳለሁ፣ እትዬ አበበች ሣጥኑን ከፈቱና የምሕረትን ጋውን ዘረጉት። ያን ፊት ለማየት ቦምቤ ቢቀርብኝም አይቆጨኝም ነበር። ሁለታችንም ከቀረን ስንኙን የሚዘምር የለም። አንድ ጊዜ የእኔን ጣፍ፣ አንድ ጊዜ የምሕረትን እድፍ አዩና፣ «ልበሱና ግቡ። ስትዘምሩ መጽሐፍ ቅዱስ ደረታችሁ ላይ ያዙ፤ እንዳታወርዱት» አሉ። አላወረድነውም። ክንዳችን እስኪዝል ታቅፈነው ዘመርን፤ የቦምቤ እናቶችም እንዴት ያሉ መንፈሳዊ ልጆች ናቸው እያሉ አለቀሱ።

የምሕረት አባት አስተማሪ ናቸውና፣ ስድስተኛ ክፍል ሳለን ተዛውረው ቤተሰቡ ወደ ሃላሌ ሄደ። አሁን በስልክ «ሃይ» እንባባላለን፤ ከዚያ በላይ የምንለው ያልቅብናል። እትዬ አበበች ከነቁልፋቸው አሉ፤ ዕድሜ ይስጣቸው፣ ልብም ይስጣቸው። እኔ ደግሞ ወጣት መዘምራን ገብቻለሁ።

ባለፈው እሑድ ልንዘምር ወደ መድረክ ልንወጣ ትንሽ ሲቀረን አጠገቤ የነበረችው ልጅ የማንጎ ጁስ ደረቷ ላይ ደፋችና፣ ዓይኗ እንባ ሞልቶ ወደ እኔ ዞረች። መጀመሪያ ያደረግሁት ነገር የራሴን ጋውን ሰብስቤ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ማለት ነበር።